ረጅሙን የፖላንድኛ ቅጽል ከጭራው ያዙት

(ዋርሶ ውስጥ፣ ፖላንድኛ ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ እሁድ ከሰዓት የቀረበ ንግግር። እንደተነገረ ነው የተጻፈው።)

እንደምን ዋላችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። በዚህ ብርድ ስለ ሰዋስው ለመስማት ከቤት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ቡናው እየተፈላ ነው ብለውኛል። እስኪደርስ ድረስ የእኔ ናችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተጋጥሞ ስለሚሠራቸው ረጃጅም የፖላንድኛ ቅጽሎች። የባቡር ጣቢያ ሰሌዳ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤት በሚመጣ ደብዳቤ ላይ፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዘውት በሚመጡት ወረቀት ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ስታዩአቸው ምን ትላላችሁ? «ኧረ ይሄ ነገር የት ነው የሚያልቀው?» አይደል የምትሉት? እኔም የምላችሁ እሱኑ ነው። የት እንደሚያልቅ እዩ። መጨረሻውን ካገኛችሁ በኋላ ወደ ፊት ተመለሱ።

ሦስት ነገር እናያለን። አንደኛ ቀለም መቁጠር፣ ሁለተኛ ጫናው የት እንደሚወድቅ፣ ሦስተኛ ያቺ መሃል ላይ የምትገባው ጭረት። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

በቀለም እንጀምር። ቀለም ስል የግጥሙን ቀለም ማለቴ ነው። እዚህ መሃል ግጥም የሚጽፍ አለ? አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ እጅ ማውጣት ነው ያፈራችሁት። የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም ነው። ስድስት ብሎ ያርፋል፣ ስድስት ብሎ ይዘጋል። ታዲያ ገጣሚው የሚቆጥረው ፊደል ነው? አይደለም! «ብርድ» ሦስት ፊደል ነው። ስንት ቀለም ነው? አንድ። «ስልክ»ስ? እሱም አንድ። ድምፅ የሌለው ሳድስ ከጎኑ ይጠጋል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም። ይሄንን ማንም ሳያስተምራችሁ ታውቁታላችሁ።

ፖላንድኛም እንደዚያው ነው። አናባቢውን ቁጠሩ፣ የቀለሙ ቁጥር ያ ነው። «ፖልስኪ» በእኛ ፊደል አራት ነው። ቀለሙ ግን ሁለት ነው፤ ፖል፣ ስኪ። «ሽቼቺን» የሚባለውን ከተማ ታውቁታላችሁ። በላቲን ሲጻፍ መጀመሪያው ላይ ተነባቢ ተከምሮ ያስፈራል። ግን ስንት አናባቢ አለው? ሁለት። ሽቼ፣ ቺን። አለቀ። ተነባቢ ቢከመር ቢከመር ቀለም አይሆንም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ እሱም «ኢ» ነው። ፖላንዶች «ኢ»ን ከሌላ አናባቢ በፊት ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ድምፅ አይደለም። ፊት ለፊቱ ያለውን ተነባቢ ያለሰልሰዋል፣ ሥራው ያ ብቻ ነው። ለምሳሌ «ምዕራባዊ» የሚለው ቃል ለመጋጠም ሲዘጋጅ በላቲኑ መጨረሻ ላይ «ን»፣ «ኢ»፣ «ኦ» ተደርድረው ታያላችሁ። ብዙዎቻችን «ዛኾድኒዮ» ብለን እናነበዋለን። ዛ፣ ኾድ፣ ኒ፣ ዮ፤ አራት ቀለም አወጣን። ፖላንዱ የሚለው ግን «ዛኾድኞ» ነው። ዛ፣ ኾድ፣ ኞ። ሦስት! ኒ እና ዮ አይደለም፣ ኞ ነው።

እዚህ ላይ እኛ ታድለናል። ኘ አለን፣ ቸ አለን፣ ጀ አለን፣ ሸ አለን። እንግሊዛዊው ለኞ ፊደል የለውም፤ ሁለት ሦስት ሆሄ አገጣጥሞ ነው የሚጽፋት። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በአንድ ፊደል እንጽፋታለን። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የፖላንድኛ ቃል በአማርኛ ፊደል ስትጽፉ ስስታም ሁኑ። ኒዮ አትጻፉ፣ ኞ ጻፉ። ቺዮ አትጻፉ፣ ቾ ጻፉ። አንድ «ኢ» በትርፍ ከገባች ቆጠራው ይበላሻል። ቆጠራው ከተበላሸ ደግሞ ጫናውም ቦታውን ይስታል።

(ከኋላ አንድ ወንድም «ዛኾድኞ ውስጥ ሆድ አለች» አለ፤ ቤቱ ሳቀ።) አዎ፣ ሆድ አለችበት! እንዲያውም ጥሩ ነገር አነሳህ። እሷን ሆድ ያዟት፣ ትንሽ ቆይቼ እፈልጋታለሁ።

እሺ፣ ሁለተኛው ነገር። ጫና።

ጫና ስል ማጥበቅ ማለቴ አይደለም። ይሄንን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ማጥበቅ አይደለም፣ ማጥበቅ አይደለም። የእኛ ጆሮ የለመደው ማጥበቅና ማላላትን ነው። «አለ» ብለን ስናላላው ተናገረ ማለት ነው፣ ስናጠብቀው ይገኛል ማለት ነው። ትርጉሙ የተንጠለጠለው ተነባቢው ላይ ነው። ስለዚህ የፖላንድኛ ጫና ስንሰማ እጃችን ወደ ተነባቢው ይሄዳል። «ስኪ»ን «ስስኪ» እናደርጋታለን። የፖላንዱ ጫና ግን የሚያርፈው አናባቢው ላይ ነው። ያ ቀለም ትንሽ ጎላ ይላል፣ ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። ተነባቢው ባለበት ይቀመጣል።

ጫናው የት ይወድቃል? ከኋላ ሁለተኛው ቀለም ላይ። ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ቃሉ ሁለት ቀለም ቢሆን፣ አሥር ቀለም ቢሆን፣ ከኋላ ሁለተኛው ነው። «ፖልስኪ» ሲሆን ፖል ላይ። «አምሃርስኪ» ሲሆን፣ እኛ አማርኛ የምንለው በቅጽልነት ማለት ነው፣ ሃር ላይ። ሁለቱን እንግጠማቸው። «ፖልስኮ-አምሃርስኪ»። ፖል፣ ስኮ፣ አም፣ ሃር፣ ስኪ። አምስት ቀለም። ጫናው የት ነው? ሃር! አገላብጡት። «አምሃርስኮ-ፖልስኪ»። አሁንስ? ፖል! ቃላቱ ያው ናቸው፣ ቀለሙ ያው አምስት ነው፣ ግን ሁልጊዜ ጫናውን የሚወስደው ከኋላ የቆመው ነው። ለመዝገበ ቃላት ገዢም ይጠቅማል። ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚተረጉም በቅደም ተከተሉ ይታወቃል።

ስለዚህ ቅጽል እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በዚሁ ከተማ፣ በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ፣ አማርኛ ይሰጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስቴፋን ስትሬልትሲን የሚባሉ ሊቅ የኢትዮጵያን ጥናት እዚህ ተከሉ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ዝርዝር በማዘጋጀት ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው። እኛ በእነሱ ቃል ምላሳችን ሲተሳሰር፣ የእነሱ ልጆች ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ጠ እና ተን ለመለየት ይታገላሉ። ተመጣጥነናል።

ወደ ሆዳችን እንመለስ። የፖላንድ ካርታ በዓይነ ሕሊናችሁ ይምጣ። አገሪቱ 49 ክፍላተ ሀገር ነበሯት። ከ1999 መጀመሪያ ጀምሮ 16 ሆኑ። በእነሱ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። ከ16ቱ ውስጥ ሦስቱን ልጥራ። ሽቼቺን ያለችበት «ዛኾድኞፖሞርስኬ»። ቢድጎሽችና ቶሩኝ ያሉበት «ኩያፍስኮ-ፖሞርስኬ»። ኦልሽቲን ያለችበት «ቫርሚኝስኮ-ማዙርስኬ»። እስቲ አብረን እንቁጠር፣ በጣታችሁ።

ዛ፣ ኾድ፣ ኞ፣ ፖ፣ ሞር፣ ስኬ። ስድስት። ኩ፣ ያፍ፣ ስኮ፣ ፖ፣ ሞር፣ ስኬ። ስድስት። ቫር፣ ሚኝ፣ ስኮ፣ ማ፣ ዙር፣ ስኬ። ስድስት! ይሄ ምንድን ነው? የወል ቤት ግማሽ ነው እኮ! ሁለቱን ክፍላተ ሀገር ብትደረድሩ 12 ቀለም ሞላ። ስንኝ ወጣላችሁ፣ ቤት መምታቱንም በነፃ አገኛችሁ።

ዋናው ጫና የት ነው? ሞር፣ ሞር፣ ዙር። ከኋላ ሁለተኛ፣ ምንም አልተቀየረም። ግን ጆሮ ላለው ሌላም ነገር አለ። ፖላንዱ ረጋ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ክፍልም የራሱ ትንሽ ጫና ይኖረዋል። እሷም የምታርፈው በራሱ በክፍሉ፣ ከኋላ ሁለተኛው ላይ ነው። ዛኾድኞ ሲል ኾድ ላይ፣ ኩያፍስኮ ሲል ያፍ ላይ፣ ቫርሚኝስኮ ሲል ሚኝ ላይ። አያችሁ ሆድን ለምን ያዟት እንዳልኩ? ትንሿ ጫና ሆድ ላይ ነች። ትልቁ ሞር ላይ ነው። ሁለቱን እኩል ካደረጋችኋቸው ሁለት ቃል የተናገራችሁ ይመስላል። ትንሿን ጨርሶ ብትተዋት ደግሞ ማንም አይቆጣችሁም። ቸኩለው ሲናገሩ እነሱም ራሳቸው አያሰሟትም። ትልቁን ግን አትንኩ።

አሁን ደግሞ ቃሉን እናርባው። «የዛኾድኞፖሞርስኬ ነዋሪ ነኝ» ማለት ብትፈልጉ ቅጽሉ ጭራ ያወጣል። «ዛኾድኞፖሞርስኬጎ» ይሆናል። ሰባት ቀለም። ጫናው አሁንም ሞር ላይ ነው? አይደለም! ተንሸራተተ። ከኋላ ሁለተኛው አሁን ስኬ ነው። ስለዚህ ስኬ ጎላ ትላለች፣ ሞር ትተኛለች። ቃል ስትሸመድዱ «የዚህ ቃል ጫናው ሞር ላይ ነው» ብላችሁ አትያዙ። ጫናው የሞር ንብረት አይደለም። የቦታው ንብረት ነው። ቀለም በተጨመረ ቁጥር እንደገና ከኋላ ቁጠሩ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሊፍቱ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የሕንፃው ኮሚቴ ወረቀት ለጠፈ። ጎረቤታችን እንዲህ ዓይነት ዕድሜ ላይ ደርሰዋልና እንኳን ደስ ያለዎት እንበላቸው የሚል። ዕድሜው የተጻፈው በቁጥር ነው። 99፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ «ሌትኒ»። የዚህ ያህል ዓመት ዕድሜ ያለው ማለት ነው። ጋዜጣቸው ላይ ሁሌም እንዲህ ነው የምታገኙት፤ ቁጥር፣ ጭረት፣ ሌትኒ። ለዓይን ቀላል ነው። ግን ጮክ ብላችሁ ልታነቡት ስትሉ ያ ቁጥር በቃል መውጣት አለበት። አንድ ያገሬ ልጅ አብሮኝ ሊፍት ይጠብቃል። ሊያነበው ጀመረ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሊፍቱ መጣ። ገባን፣ ወጣን፣ እሱ አሁንም እያነበበ ነው!

እናንብበው። «ጄቭዬንችጄሼንቾጄቭዬንቾሌትኒ»። አትሳቁ። ጄ፣ ቭዬንች፣ ጄ፣ ሼን፣ ቾ። ይሄ ዘጠናው ነው። ጄ፣ ቭዬን፣ ቾ። ይሄ ዘጠኙ። ሌት፣ ኒ። ይሄ ዓመቱ። አሥር ቀለም፣ በላቲን 33 ሆሄ። ጫናው የት ነው? ዘጠናውን ተዉት፣ ዘጠኙን ተዉት። ከኋላ ሁለተኛ፤ ሌት! ከሌት በፊት ያሉት ስምንቱ ቀለሞች ወደ ሌት የሚወስዱ መንገድ ናቸው። በሰፈር እንዳትዘገዩ። ሁለቱ ቾዎች ግን ምልክት ይሁኗችሁ። ቾ በደረሰች ቁጥር አንድ ክፍል አልቋል፣ ትንፋሽ የሚወሰደውም እዚያ ነው።

ልብ በሉ፣ ቁጥሩ ሲጋጠም መልኩን ይቀይራል። ለብቻው ሲቆጠር የዘጠና ጭራ «ሾንት» ነው፣ ተጋጥሞ ግን «ሼንቾ» ይሆናል። 25 ሲሆንም እንደዚያው፤ «ድቩጄስቶፕዬንቾሌትኒ»። ድቩ፣ ጄ፣ ስቶ፣ ፕዬን፣ ቾ፣ ሌት፣ ኒ። ሰባት ቀለም፣ ጫናው ያው ሌት ላይ። የዕድሜን ቅጽል፣ የእናንተንም የልጆቻችሁንም፣ በዚህ መንገድ ማለት ልመዱ።

የአዛውንቱን መጨረሻ ልንገራችሁ? በዓመቱ 100 ሞላቸው። ወረቀቱ እንደገና ተለጠፈ። የመቶ ዓመቱ ቅጽል ምን መሰላችሁ? «ስቱሌትኒ»። ስቱ፣ ሌት፣ ኒ። በቃ! አንድ ዓመት ሲጨምሩ ሰባት ቀለም ቀነሱልን። ያ ያገሬ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ «እድሜ ይስጣቸው፣ ገላገሉኝ» አለ።

ልዩ ሁኔታ የለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ፣ ባጭሩ ልለፈው። «ማቴማቲካ» ሦስተኛው ላይ ነው፣ ከኋላ ስትቆጥሩ፤ መሃሏ ማ ላይ። «ፊዚካ» ፊ ላይ። «ኡኒቬርሲቴት» ቬር ላይ። አንዳንድ ግሶችና የመቶ ቁጥሮችም እንደዚህ ያፈነግጣሉ። ግን ደስ የሚለው ነገር እነዚህ ስሞች ወደ ቅጽል ሲቀየሩ ወደ መስመር ይገባሉ። «ማቴማቲችኒ» ቲች ላይ። «ፊዚችኒ» ዚች ላይ። «ኡኒቬርሲቴትስኪ» ቴት ላይ። ልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ «ማቴማቲችኖ-ፊዚችኒ» የሚባል ክፍል ውስጥ ልትመደብ ትችላለች። ስምንት ቀለም። ጫናው? ዚች! ጎበዞች። እንግዲህ ቅጽል ከሆነ አትጨነቁ፣ ያፈነገጡትን ለስሞቹ ተዉላቸው።

ሦስተኛው ነገር፣ ጭረት። ፖላንዶች «ዎንችኒክ» ይሏታል። ቅድም ከጠራናቸው ሦስት ክፍላተ ሀገር ሁለቱ ጭረት አላቸው፣ ዛኾድኞፖሞርስኬ ግን የለውም። ለምን? ኩያቪና ፖሞዤ ሁለት አገር ናቸው። ጎን ለጎን እኩል ስለቆሙ ጭረት መሃላቸው ገባች። ቫርሚያና ማዙሪም እንደዚያው። ዛኾድኞፖሞርስኬ ግን የአንድ አገር ምዕራቡ ነው። ምዕራብና ፖሞዤ ሁለት ቦታ አይደሉም፣ አንደኛው ሌላውን ይገልጸዋል። ስለዚህ ተጣብቀው ይጻፋሉ። እኩልነት ካለ ጭረት፣ ገላጭና ተገላጭ ከሆኑ ማጣበቅ። ምጣኔያቸው ግን አንድ ዓይነት ነበር፣ አብረን ቆጠርነው አይደል? ጭረቷ በጆሮ አትሰማም። የዓይንና የትርጉም ነገር ናት።

አትሰማም ስል የምሬን ነው። አንድ ጓደኛዬ ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ባነር ሊያሠራ ለአንድ ማተሚያ ቤት በኢሜይል ትዕዛዝ ላከ። ከጎንና ከጎን የባንዲራችን ቀለም ይኑረው አለ። አሁን ቀለም ስል ደግሞ የቀለሙን ቀለም ነው፤ አማርኛችን ዛሬ አስቸገረኝ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በፖላንድኛ «ዤሎኖ-ዡውቶ-ቼርቮኒ» ነው፣ ሁለት ጭረት ያለው። ጓደኛዬ ግን ጭረቶቹን ትቶ ሁሉንም አጣብቆ ጻፈው። የማተሚያ ቤቷ ልጅ ደወለች። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ድምፁን ክፍት አድርጎታል።

«ዤሎኖዡውቶቼርቮኒ ነው ያሉት?» አለችው።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት? ዤሎኖዡውቶቼርቮኒ?»

«አዎ፣ እሱ ራሱ!»

ልጅቷ በዓይነ ሕሊናዋ ያየችው አንድ ቀለም ነው። ቢጫና አረንጓዴ የነካካው የሆነ ዓይነት ቀይ። እሱ የሚሰማው ባንዲራውን ነው። ሁለቱም ያንኑ ስምንት የግጥም ቀለም ይላሉ፣ ሁለቱም ቮ ላይ ጫን ይላሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው! ቢደጋግሙት እስከ ማታ አይግባቡም። በመጨረሻ «ዝ ዎንችኒኬም?» አለችው፤ በጭረት ነው ወይ ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ ቃሉን አያውቀውም። እኔ ከጎን «በላት አዎ፣ በላት አዎ» አልኩ። ባነሩ ቆንጆ ሆኖ ታተመ።

ሌላ ቦታ ሁለት ቀለም ብቻ ቢሆንም ያው ነው። የፖላንድ ባንዲራ «ብያዎ-ቼርቮኒ» ነው፤ ነጭና ቀይ፣ በጭረት። «ቼምኖኜብዬስኪ» ግን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ አንድ ቀለም፣ ያለ ጭረት። ኮት ስታዙ ይጠቅማችኋል።

ጭረቷ የምትገርመው ደግሞ መስመር ሲያልቅ ነው። ቃሉ መስመሩ ላይ አልበቃ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ፖላንዶች መገጣጠሚያው ላይ መቁረጥ ይመርጣሉ። ዛኾድኞ ብለው ጭረት አድርገው፣ ቀጣዩ መስመር ላይ ፖሞርስኬ። ያቺ ጭረት ግን የመስመሩ እንጂ የቃሉ አይደለችም። ታዲያ ኩያፍስኮ-ፖሞርስኬ ጭረቱ ላይ ሲቆረጥስ? ሁለት ጊዜ ይጽፏታል! አንዷን መስመሩ መጨረሻ ላይ፣ ሌላዋን አዲሱ መስመር መጀመሪያ ላይ። ብዙ ሰው የማተሚያ ስህተት ይመስለዋል። ስህተት አይደለም። «ይቺ የቃሉ ጭረት ናት» ማለታቸው ነው። እኔ በበኩሌ ይሄንን ጥንቃቄያቸውን እወድላቸዋለሁ።

ቡናው ደረሰ መሰለኝ፣ ሽታው መጥቷል። ከመነሳታችን በፊት የሰጠኋችሁን ወረቀት አዙሩ። ጀርባው ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ መካከለኛ አውሮፓዊ ማለት ነው። «ሽሮትኮቮኤውሮፔይስኪ»። ጭረት የለውም፣ ለምን እንደሌለው አሁን ታውቃላችሁ። ተጠንቀቁ፣ ሁለት ቦታ ላይ ያደናቅፋል። ቮ እና ኤው ሲገናኙ አትዋጧቸው፣ ሁለት ቀለም ናቸው። ኤው ግን ለብቻዋ አንድ ናት፣ ኤ እና ኡ ብላችሁ እንዳትሰነጥቋት። በጣታችሁ ቁጠሩ። ሰባት ያገኘ እጁን ያውጣ። እሺ። አሁን ከኋላ ሁለተኛውን ይዛችሁ፣ አንድ ላይ፣ ጮክ ብላችሁ!

(ቤቱ በአንድ ድምፅ አነበበው።)

ፔይ ላይ ነው፣ ልክ ናችሁ። ከኋላ ያላችሁት ግን ስኪን አጠበቃችኋት፣ ሰምቻለሁ። እናንተ ብቻ እንደገና።